ለአራተኛ ዓመቶች

የግንቦት ዝናብ ነው፤ ቆርቆሮው ይጮኻል፤
ከኋላ ያላችሁ፣ ድምፄ ይሰማል?
ካልተሰማ ቅረቡ፣ እዚህ ወንበር ሞልቷል።

«ማስተርስ እንማር ወይ?» ብላችሁ ጻፋችሁ
በአሥራ አንድ ብጣሽ፣ በየእጅ ጽሕፈታችሁ።
አንዱ ብጣሽ ላይ ግን ጥያቄ የለበትም፤
አፍንጫዬን ስሎ ነው የላከው፤ አልከፋም፣
ጥላው ላይ ነው ቸኮል ያለው።
እሱ ይቆየን።

እኔ ለፈተና ስሄድ፣ አሥር ዓመት ሊሆን ነው፣
ሃያ ሥዕል ያዝኩኝ፤ ሃያውም አንድ ዓይን ነው፦
የሥላሴን ጣሪያ፣ የመላእክቱን ፊት
ሃያ ጊዜ ቀዳሁ፣ በቀንም በሌሊት።
«የጎንደር ልጅ» ሲሉኝ እንዳላሳፍራቸው
ግንብ ጨመርኩባቸው በየጥጋጥጋቸው።

ያልያዝኩት ሌላ ነው።
አራዳ፣ ከጎማ ጠጋኙ ፊት ለፊት፣
ከጋሽ እንየው ጋራ ታፔላ ስጽፍበት
የኖርኩት ቅዳሜ፣ ቀለም የገዛሁበት።
«በፊደል ወገብ ላይ ብሩሽ አይቁም» ይላል፣
«ቆሞ የተነሣ ከሩቅ ያስታውቃል።»
ይኼን ደበቅሁት።
ሠዓሊ ነኝ ብዬ ታፔላ አፈርሁበት።

ማኅደሬን ግን፣ መግዣ ስላጣሁለት፣
ከአሮጌ ኮምፔርሳቶ ለሁለት ቆርጬ ሠራሁት፤
«ን»ን ዘልዬ «ልኳዳ» ብዬ የጻፍኩበት፣
ባለ ሥጋ ቤቱ ተቆጥቶ የተወው፣ እኔ የከፈልኩበት።

ፈታኙ ሃያውን ዝም ብለው አዩት።
«ጣሪያውን አውቀዋለሁ፤ አንቺስ የታለሽበት?»
አሉና ማኅደሩን ገልብጠው ቆዩበት፦
ቀይ «ልኳ» ባንድ በኩል፣ በሌላው በኩል «ዳ»።
«ይኼንን ማን ጻፈው?»
በላብ ተጠመቅሁ።
«እኔ ነኝ» አልኳቸው።
«እጅሽን ያየሁት ገና አሁን ነው» አሉኝ።

ስለዚህ፣ ማስተዋል፣
አዘዞ መናኸሪያ፣ ባጃጅ ጀርባ ላይ
አንበሳ ስትስል አይቼሃለሁ፤ ምን ያስደነግጥሃል?
እሱንም አስገባው።

ደግሞ ስሙኝ፣ በቅደም ተከተል አይደለም፦
የድጋፍ ደብዳቤ በመጨረሻው ቀን አይለመንም።
መምህሩ «ጽፈሽ አምጪው፣ እፈርማለሁ» ይልሻል፤
ራስን ማመስገን ምን ያህል እንደሚያሳፍር ያኔ ይገባሻል።
«ሥራዬ ስለ ምንድን ነው» የሚለውን ወረቀት
በአማርኛ ጀምሩት፣ ለታናሽ እህት እንደሚነግሩት፤
«ማንነት» የሚል ቃል ሦስቴ ከመጣ ሁለቱን ሰርዙት።
ኪራዩን ጠይቁ። ቀለም ማን እንደሚገዛ ጠይቁ።
ከዚያ የወጡትን ፈልጋችሁ
ዛሬም ይስላሉ ወይ ብላችሁ ጠይቁ።
ይኼን እኔ አልጠየቅሁም።

በመጀመሪያው ዓመት አራት ወር አልሳልሁም።
«ለምን ሰማያዊ?» ይሉኛል፤ «ለምንስ ትልቅ ሆነ?»
ለምን፣ ለምን ስል ብሩሼ ደርቆ ድንጋይ ሆነ።
የመለሰኝ ትምህርቱ አይደለም። የጎን ክፍሏ ልጅ፣
ዘውድነሽ፣ በውድቅት በሬን አንኳኩታ
«ሸራ ልወጥር ነው፣ ጫፉን ያዥልኝ» አለች።
የሰው ሸራ ስይዝ የገዛ እጄ ነቃ።
ከዚያ ቤት ካገኘሁት ሁሉ፣ መልሺ ቢሉኝ፣
እሷን ነው የማልመልሰው።

«ሥራ ፈት እንዳይሉኝ» ብላ የምትሄድ ካለች
አትሂድ። ሐሜት ትዕግሥተኛ ነው፤
ሁለት ዓመት ቆሞ በር ላይ ይጠብቃታል።

ያለምዘውድ ከኛ ባች አልሄደችም።
ኮንቴይነር ተከራይታ፣ ኮሌ ሜዳ፣
አምና ሁለት ሸጠች፣ ዘንድሮ ምንም።
በየቀኑ ትስላለች።
ስለ እሷ የምመክረው የለኝም፤
እሷ ናት ስጨነቅ የምትመክረኝ።

ዝናቡ አባራ። ዘበኛው ቁልፍ ያቅጨለጭላል።

አፍንጫዬን የሳልክ፣ ወይም የሳልሽው፣
ብጣሹ ይኸው፤ ጥላውን አስተካክሉና
ከጀርባው ቀን ጻፉበት።
ማን ያውቃል፣ አንዱ ፈታኝ
ይገለብጠው ይሆናል።